ለእናትሽ የካናቢስ ካርድ ከማውጣትሽ በፊት

አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የላከችልኝ ጥያቄ ነው። እናቷ ካንሰር ታመው ኬሞ እየወሰዱ ነው። ማቅለሽለሹ ስለበረታባቸው እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለች ነርስ "ሜዲካል ካናቢስ ይሞክሩ፣ እዚህ እኮ ሕጋዊ ነው" አለቻቸው። እናት ግሪን ካርድ ከያዙ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በቅርቡ ለዜግነት ሊያመለክቱ ነው፤ ሕክምናው ሲያልቅም አዲስ አበባ ደርሰው መምጣት ይፈልጋሉ። ልጅ ዜጋ ናት። አብሯቸው የሚኖረው ወንድሟ ደግሞ ትራክ ይነዳል። "ስቴቱ ለታማሚ የሚሰጠውን የካናቢስ መግዣ ካርድ ላውጣላቸው ወይስ ይቅር? ሐኪም ከፈቀደው ምን ችግር አለው? ወንድሜንስ ይነካዋል?" ትላለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

ቁርጡን ልንገርሽ። እናትሽ የዜግነት ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ካርዱን አታውጪላቸው። ዲስፔንሰሪም (የካናቢስ መሸጫ ሱቅ) ይዘሻቸው አትሂጂ። ይህን የምልሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስለሆንኩ እንጂ ካናቢስን ስለምቃወም አይደለም። ኬሞ ላይ ያለች እናት አንዲት ጉርሻ እንድትወርድላት ልጅ የማያደርገው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ደግሞም ለማቅለሽለሹ ግሪን ካርዳቸውን የማይነካ ሌላ መንገድ ስላለ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ብቻ መጀመሪያ አደጋው የት ላይ እንዳለ ይግባሽ፣ ምክንያቱም ወገኖቻችን የሚጎዱት ሕግ ጥሰው ሳይሆን የስቴቱን ሕግ አክብረው ነው።

ነርሷ አልዋሸችም። ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና ካናቢስ በፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ይሸጣል። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ካርድም ገብቶ ይገዛል። ዲሲም ቨርጂኒያም በየራሳቸው መጠን ይፈቅዳሉ። ይህ ሁሉ ግን የስቴት ሕግ ነው። ለእናትሽ ግሪን ካርድ የሰጣቸው፣ ነገ ዜግነት የሚሰጣቸው፣ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ወርደው ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ፓስፖርታቸውን የሚያየው ግን ሜሪላንድ አይደለም። የፌደራል መንግሥቱ ነው። የፌደራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ ደግሞ ማሪዋናን (ካናቢስን ማለት ነው) በ1970 ከሄሮይን ጋር አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው ያስገባው፤ "ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የለውም" ብሎ። ሐኪሙ ለሜሪላንድ ካርድ የሚፈርመው ወረቀትም ፋርማሲ ይዘሽ የምትሄጂው የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም። "ይህ ታማሚ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ" የሚል ምስክርነት ነው። በፌደራል ሕግ ፊት ምንም አያድንም።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ። ካሊፎርኒያ የሕክምና ካናቢስን የፈቀደችው ከስቴቶች ሁሉ ቀድማ በ1996 ነው። እዚያ ዳያን ሞንሰን የምትባል ጀርባዋን ክፉኛ የሚያማት ሴት ነበረች። ሐኪሟ ፈቅዶላት ቤቷ ስድስት ተክል አበቀለች። በ2002 የካውንቲው ፖሊሶችና የፌደራል ወኪሎች አብረው ቤቷ መጡ። የካውንቲዎቹ አይተው በስቴቱ ሕግ ምንም ጥፋት የለባትም አሉ። የፌደራሎቹ ግን ከሦስት ሰዓት ውዝግብ በኋላ ስድስቱንም ወስደው አጠፉት። እሷና አንጀል ራይክ የምትባል ሌላ ታማሚ መንግሥትን ከሰሱ። የራይክ ሐኪም ካናቢሱን ካጣች ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2005፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ስቴቱ ቢፈቅድም፣ ለገዛ ሕመምሽ ቤትሽ ያበቀልሽው ቢሆንም፣ የፌደራሉ ክልከላ ይሠራል ተባለ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

"ታዲያ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያሉትን ሱቆች ለምን አይዘጉም?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኮንግረስ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በየበጀቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገባል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስቴቶችን የሕክምና ካናቢስ ሕግ ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ ይከለክላል። ለሕክምና የሚሸጡትን ያቆየው እሱ ነው። አንቀጹ ግን ነገሩን በፌደራል ሕጋዊ አላደረገውም። የኢሚግሬሽን ሕጉንም አንዲት ቃል አልቀየረም። የዜግነት ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤትና የድንበር ኦፊሰሮቹ ደግሞ ያሉት በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት (የዜጋ ባል ወይም ሚስት ላለው ሦስት ዓመት) መልካም ጠባይ እንደነበረው ማሳየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የፌደራል የመድኃኒት ሕግ የጣሰ ሰው መልካም ጠባዩን ማሳየት አይችልም ይባላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ይህ ለማሪዋናም፣ ስቴቱ ቢፈቅደውም፣ እንደሚሠራ በኤፕሪል 19 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ ግልጽ አድርጎታል። ለመዝናኛ ሆነ ለሕክምና፣ መያዙ የፌደራል ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል ይላል።

አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ለራስ መጠቀሚያ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሆነ ማሪዋና አንድ ጊዜ ብቻ መያዝ ይቅር ሊባል ይችላል። ይህን የሰማ ሰው "እኔ ትንሽ ነው የያዝኩት" ብሎ ይጽናናል። ቁጥሮቹን ግን አስተያዪ። ሜሪላንድ ካርድ ላለው ታማሚ ለ30 ቀን የምትፈቅደው 120 ግራም ነው። ካርድ ለሌለው ሰው እንኳ የምትፈቅደው አንድ ተኩል አውንስ፣ ማለትም 42 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ዲሲ ሁለት አውንስ ትፈቅዳለች፣ እሱ ደግሞ ከ56 ግራም በላይ ነው። እና ስቴቱ "ይህን ያህል መያዝ መብትሽ ነው" ያለሽን ይዘሽ ስትወጪ ከፌደራሉ ቀዳዳ አልፈሽ ሄደሻል። ደግሞ የኬሞ ታማሚ በየወሩ ነው የሚገዛው፤ ያ "አንድ ጊዜ" አይባልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ነገር፣ ጉዳት እንዲደርስ መታሰርም መከሰስም ግድ አለመሆኑ ነው። ሕጉ "ፈጽሜያለሁ ብሎ ያመነ"ንም ይጨምራል። የኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ ላሳይሽ። እናትሽ ቀኝ እጃቸውን አንስተው እውነቱን እናገራለሁ ብለው ምለዋል። ኦፊሰሯ ኤን 400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ፎርም እያገላበጠች ትጠይቃለች። የግብር፣ የጉዞ፣ የጋብቻ ጥያቄ ያልፋል። "ሳይያዙበት የፈጸሙት ወንጀል አለ?" የሚለው ይመጣል። "ኧረ የለም ልጄ" ይላሉ። ኦፊሰሯ ሻሻቸውን አይታ፣ በጨዋ ደንብ፣ "ጤናዎ እንዴት ነው?" ትላለች። እናትሽ እንደ አገራችን እናቶች የጠየቃቸውን ሰው በአጭሩ መመለስ ነውር ይመስላቸዋል። "ተመስገን፣ ኬሞ ላይ ነበርኩ፤ ማቅለሽለሹ ሊገድለኝ ነበር፤ ያ የሜሪላንዱ ካርድ ባይኖር አለቀልኝ" ይሉና ስልካቸውን አውጥተው የካርዱን ፎቶ ያሳያሉ። ልጃቸው ያወጣችላቸው ሕጋዊ ካርድ ነውና ለምን ይደብቃሉ? ኦፊሰሯ መጻፍ ትጀምራለች። መቼ ጀመሩ፣ ስንት ጊዜ ገዙ፣ የት ገዙ፣ ማን ወሰደዎት ትላለች።

ያ ጽሑፍ በመሐላ የተሰጠ ቃል ነው። በትንሹ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ የከፈላችሁትም ገንዘብ አይመለስም። ሲከፋ የግሪን ካርዱን ጉዳይም ይጎትታል። በእርግጥ የድሮ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ውሳኔ የተባለውን ሁሉ "እምነት" አያደርገውም። ኦፊሰሩ ወንጀሉ ምን ምን እንደሚያካትት በሚገባ ቋንቋ አስረድቶ፣ ሰውየውም ሳይገደድ ማመን አለበት። ይህ ግን ጠበቃ ኋላ ላይ የሚከራከርበት ነው እንጂ እናትሽ እዚያ ወንበር ላይ ሆነው የሚያድናቸው አይደለም።

ልብ በይ፣ ይዋሹ እያልኩ አይደለም። በፍጹም። ዜግነት ለማግኘት ብሎ በመሐላ መዋሸት ራሱ መልካም ጠባይን ያሳጣል፤ ዜግነቱ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ሊያስነጥቅ ይችላል። የምልሽ የሚዋሽበት ነገር ከመጀመሪያው አይኑር ነው።

"በእኔ ስም ገዝቼ ብሰጣቸውስ?" ብለሽ ሳታስቢ አትቀሪም። ማሰብሽ አይገርመኝም። ግን አይጠቅማቸውም። ጥያቄው ማን ከፈለ ሳይሆን ማን ያዘው፣ ማን ተጠቀመው ነው። አንቺም ለሌላ ሰው ማቀበልሽ በፌደራል ሕግ ከመያዝ የከበደ ስም አለው። ዜጋ ስለሆንሽ ከአገር አያስወጣሽም፤ እሳቸውን ግን አያድንም።

ጊዜውንም አትሳሳቺ። አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላል፣ ስለዚህ የእናትሽ ቀን ሩቅ አይደለም። ኢንተርቪው አልፈው "ተፈቅዷል" ቢባሉም ገና ዜጋ አይደሉም። ለመሐላው ቀን በሚመጣው ኤን 445 በሚባለው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ከኢንተርቪው ወዲህ ያልተያዙበት ወንጀል ፈጽመው እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ "አለቀ" ብሎ የተዝናና ሰው ያንን መስመር ሲያይ ይደነግጣል። እጃቸውን አንስተው ምለው የምስክር ወረቀቱን እስኪቀበሉ ድረስ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ የኢሚግሬሽኑ ስጋት የለም።

ዜናውንም ሰምተሽ ይሆናል። በሜይ 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ማሪዋናን ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ዝርዝር ላውርደው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥራው እንዲፋጠን ትእዛዝ ፈረሙ። ይህን ተከትሎ "ተፈቅዷል እኮ" የሚል ወሬ በየካፌው ይናፈሳል። ለእናትሽ ጉዳይ አይሠራም። የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚለው "ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር" ነው። አንደኛውም ሦስተኛውም ዝርዝር ውስጥ ያለ ነገር ቁጥጥር ይደረግበታል። ከዝርዝሮቹ ሁሉ እስካልወጣ ድረስ፣ ያለ ትክክለኛ የመድኃኒት ማዘዣ የያዘ ዜጋ ያልሆነ ሰው አደጋ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን ማሪዋና ለያዙ ሰዎች ያደረጉት ምሕረትም እንዲሁ ነው። በኦክቶበር 2022 የወጣው ግሪን ካርድ ያላቸውን ይጨምር ነበር፤ የሚሸፍነው ግን ከምሕረቱ ቀን በፊት የሆነውን እንጂ ነገ የሚሆነውን አይደለም።

አሁን ደግሞ ቃል ወደገባሁልሽ መንገድ ልመለስ። ይህ ክፍል ለእናትሽ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።

ካናቢስ ውስጥ ማቅለሽለሽን የሚያስታግሰው ዋናው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ያንኑ ቲኤችሲ በላቦራቶሪ ሠርተው በእንክብል ያወጡት መድኃኒት አለ፤ ድሮናቢኖል ይባላል፣ የታወቀው የንግድ ስሙ ማሪኖል ነው። የፌደራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1985 ያጸደቀው በትክክል ለዚህ ነው፦ ሌላ መድኃኒት ላላስታገሰው የኬሞ ማቅለሽለሽ። ናቢሎን የሚባል ተመሳሳይ መድኃኒትም በዚያው ዓመት ጸድቋል። ድሮናቢኖልን ሐኪም እንደማንኛውም መድኃኒት ያዝዛል፣ ተራ ፋርማሲ ይሸጠዋል፣ ጠርሙሱ ላይ የእናትሽ ስምና የሐኪሙ ስም ይታተምበታል። ቁጥጥር ይደረግበታል፣ ግን ሕጉ ራሱ በማዘዣ የተገኘውን ሕጋዊ ያደርገዋል። ኦፊሰሯ "ምን ይወስዳሉ?" ብትል እናትሽ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ምንም አይደርስባቸውም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የትኛው ይስማማቸዋል የሚለውን የካንሰር ሐኪማቸው ይወስን። ደግሞ ከቲኤችሲ ጋር ምንም የማይገናኙ የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ብዙ አሉ፤ ኦንዳንሴትሮን አንዱ ነው፣ ኦላንዛፒን ሌላው። ብዙ ጊዜ የማየው ችግር እናቶቻችን "ደህና ነኝ" ስለሚሉ ሐኪሙ የመጀመሪያው መድኃኒት እንዳልሠራ አለማወቁ ነው። ቀጠሮው ላይ አንቺ አብረሻቸው ግቢ። "ከመጨረሻው ኬሞ ወዲህ ስንት ጊዜ አስመለሳቸው፣ ምን ያህል ኪሎ ቀነሱ" የሚለውን በቁጥር ንገሪው። ከዚያ "እናቴ ዜጋ ስላልሆነች የዲስፔንሰሪ ነገር አንፈልግም፣ በፋርማሲ የሚታዘዝ ድሮናቢኖል ወይም ሌላ ነገር ይቻላል?" ብለሽ ቁጭ አድርጊው። አብዛኛው የካንሰር ሐኪም የኢሚግሬሽኑን ጣጣ ሰምቶት አያውቅም። ክፋት አይደለም፣ ሥራው አይደለም። ካልነገርሽው አያውቅም።

ቤንዚን ማደያ ውስጥ የሚሸጠውን የሲቢዲ (ከዚሁ ተክል የሚወጣ ሌላ ንጥረ ነገር ነው) ከረሜላና ዘይትም ተዉት። በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ቲኤችሲው ከ0.3 ከመቶ ያልበለጠ የካናቢስ ተክልን፣ ሄምፕ የሚባለውን፣ ከቁጥጥር አውጥቶት ነበር፣ ያኔ ነው ገበያው የጎረፈው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ልጁ የሚጥል በሽታ ያለበት አንባቢ ካለ፣ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል ንጹሕ ሲቢዲ በ2018 ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ጸድቋል፣ በማዘዣ ይገኛል። ሐኪሙን ይጠይቅ።

የአዲስ አበባውን ጉዞ በተመለከተ፣ ካናቢስ ያለበት ነገር፣ ዘይትም ሆነ ከረሜላ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕክምና የሚባል ፈቃድ የለም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስጠይቃል። በዱባይ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቀልድ የለም። ድሮናቢኖል ቢታዘዝላቸው እንኳ በፋርማሲው ጠርሙስ፣ ከማዘዣው ቅጂና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይሁን፣ ከመሄዳቸው በፊትም የኢትዮጵያ ኤምባሲን ጠይቁ። ሲመለሱ ደለስ ላይ የድንበር ኦፊሰሩ ስልክ ከፍቶ የማየት ሥልጣን አለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ አይታይም፤ የመድኃኒት ሕግ የጣሰ ከሆነ ግን እንደ አዲስ ሊመረመር ይችላል። ከስድስት ወር በላይ ውጭ የቆየም እንዲሁ። ስለዚህ ካናቢስ የተጠቀመ ዜጋ ያልሆነ ሰው ጠበቃ ሳያይ ከአሜሪካ ባይወጣ ይሻለዋል።

እዚሁ ከተማችን ውስጥም ፌደራል መሬት በየቦታው ነው። ዩ ስትሪት አካባቢ የምትኖሩ፣ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ የፌደራል ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክም፣ ናሽናል ሞልም። ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ሬገን አየር ማረፊያ የሚወስደው የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ ወደ ባልቲሞር የሚወስደው ፓርክዌይ ሰፊ ክፍልም የፌደራል ፓርክ ፖሊስ የሚጠብቃቸው ናቸው። እዚያ መኪና ውስጥ የተገኘ አንድ ፓኬት በሜሪላንድ ካርድ አይሸፈንም። በፌደራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ አንድ ዓመት እስርና ከ1,000 ዶላር የማያንስ ቅጣት አለው። ከአንዱ ስቴት ገዝቶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሌላው መውሰድም እንደዚሁ ክልክል ነው።

ወንድምሽስ? እሱ ዜጋ ሆነ አልሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይዞ የሚነዳ ሰው በፌደራል የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሕግ ይመረመራል። የሽንት ምርመራው ማሪዋና ካሳየ፣ ውጤቱን የሚያየው ሐኪም የስቴት ካርድን እንደ ምክንያት እንዳይቀበል ደንቡ ራሱ ይከለክለዋል። "እናቴ ስታጨስ ሸትቶኝ ነው" የሚለውንም አይቀበልም። "ሲቢዲ ነው የወሰድኩት" የሚለውንም አይቀበልም። የወደቀ ሾፌር ስሙ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌደራል መዝገብ ይገባል፤ ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ስቴቱ ሲዲኤሉን ራሱ ያወርድበታል፣ የመመለሻውን ሂደት እስኪጨርስ ድረስ። የሜትሮ ባስ ለሚነዱ ወንድሞችና እህቶችም ተመሳሳይ ምርመራ አለ። የእናትሽ ድሮናቢኖል ጠርሙስ ቤት ውስጥ መኖሩ እሱን አይጎዳውም፣ እሱ እስካልነካው ድረስ። እንክብሉን ለይታችሁ ቆልፉበት።

ሌሎች አንባቢዎች ሊጠቅማችሁ የሚችል ነገር ጣል ላድርግ። ጥገኝነት አግኝታችሁ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ገና የምትጠብቁ፣ የእናንተ ይብሳል። ፎርሙ የየትኛውንም አገር የመድኃኒት ሕግ ጥሳችሁ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። ለሕክምና ምርመራው የምትሄዱበት ሐኪምም ባለፉት 12 ወራት ካናቢስ መጠቀማችሁን ከሰማ ሊያሳግዳችሁ ይችላል። አዲስ አበባ ኤምባሲ የምትጠብቋቸው ዘመዶቻችሁም በዚያው ደንብ ነው የሚታዩት። ዲስፔንሰሪ ውስጥ የካሸር ወይም የጥበቃ ሥራ የቀረበላችሁ ዜጋ ያልሆናችሁ ደግሞ ደመወዙ አያሳስታችሁ። መሥሪያ ቤቱ ያንን ሥራ ከዕፅ ንግድ ይቆጥረዋል፣ ለእሱ ደግሞ የ30 ግራም ቀዳዳ የለም። በ2019 ኮሎራዶ ውስጥ በሕጋዊ የካናቢስ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ስደተኞች ዜግነት ተከልክለው የዴንቨር ከንቲባ ጭምር ተቃውሞ ጽፈው ነበር። ግብር ከፍለዋል፣ ፈቃድ ነበራቸው፤ አልጠቀማቸውም።

እና እናትሽ እስካሁን ሞክረውት ከሆነ? በጥያቄሽ ውስጥ አልጻፍሽውም፣ ግን ብዙ ሰው ከሞከረ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ከሆነ አትደንግጡ፣ ግን ቁሙ። ካርዱ ቢኖርም አትጠቀሙበት፣ አታሳድሱት። ኤን 400ን አትላኩ። ወደ ውጭ አይጓዙ። ለማንም፣ በተለይ በጽሑፍ፣ አትናገሩ። ለጠበቃችሁ ግን ሁሉንም ንገሩ፤ ለጠበቃ የተነገረ በሕግ የተጠበቀ ምሥጢር ነው። ጊዜው አምስት ዓመት እስኪያልፍ መጠበቅ ሊሆን ይችላል መፍትሔው፤ ወይም ያቺ የ30 ግራም ቀዳዳ ልትሠራ ትችላለች፤ እንደ ታሪካቸው ይለያያል። ግሪን ካርድ ይዞ መቆየት ወንጀል አይደለም፣ ለዜግነት የሚያስቸኩል የጊዜ ገደብም የለም።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር ቢኖር ፎርም የሚሞሉት ሰዎች ናቸው። በየሱቁና በየግብር ቢሮው ለ200 ዶላር ኤን 400 ይሞላሉ። ሳያነቡላቸው ሁሉንም "ኖ" ላይ ምልክት ያደርጉና ያስፈርማሉ። ያንን ወረቀት የፈረሙት እናትሽ ናቸው እንጂ ፎርሙን የሞላው ሰው አይደለም፤ ኢንተርቪው ላይም የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የጠበቃ ገንዘብ ካጠረ ዲሲ አካባቢ ካቶሊክ ቻሪቲስና አዩዳ የሚባሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በዝቅተኛ ዋጋ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያያሉ። ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ወረፋ ስላለው ዛሬውኑ ጀምሪ። ስትሄዱ ግሪን ካርዱን፣ ፓስፖርቶቻቸውን፣ የወጡበትንና የገቡበትን ቀን ዝርዝር፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነጠርሙሱ ያዙ። እና እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ ያንብቡላቸው፤ "ይህ ገብቶኛል" ሳይሉ እንዳይፈርሙ።